የተነቀለው በር

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ዋርካ አፋፍ በምትባል የገጠር ቀበሌ፣ በሩ ተነቅሎ በተወሰደበት የትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ፤ ርዕሰ መምህሩ ይበልጣል ጠረጴዛው ኋላ ቆሟል፣ የወላጆች ኮሚቴ አባሏ ወይዘሮ አንጓች ካቻቢቴ በእጇ ይዛ ደፉ ላይ ተቀምጣለች።

ይበልጣል፦ በሩን ይመልሱ ነው የምልዎት እትዬ አንጓች፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

አንጓች፦ መለስኩት እኮ። ወደ ቤቱ መለስኩት።

ይበልጣል፦ ቤቱ ይሄ ነው። ጠዋት ከፍቼ ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ወጣሁ፤ ተማሪ አስገብቼ ስመለስ ቢሮዬ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ሌባ የገባ መስሎኝ ግማሽ ነፍሴ ወጣች።

አንጓች፦ ሌባ ቢሆን ወንበሩን ነበር የሚወስደው። እኛ መዝሙሩ ሲጀመር ጀመርን፣ ሲያልቅ ጨረስን። አራት ሴት፣ አንድ ካቻቢቴ።

ይበልጣል፦ እና አሁን የት ነው ያለው?

አንጓች፦ አንገትህን አውጣና እይ። ከባህር ዛፉ ጉቶዎች ኋላ፣ የሴቶቹ ሽንት ቤት ላይ ተሰቅሏል። መቀርቀሪያውንም ወደ ውስጥ አዙረነዋል፤ አንተ ጋ በውጭ ነበር።

ይበልጣል፦ ሽንት ቤት ላይ። የመንግሥት ቢሮ በር ነቅላችሁ ሽንት ቤት ላይ።

አንጓች፦ የሽንት ቤት በር ነቅለህ ቢሮ ላይ የሰቀልከው አንተ ነህ። ጉድጓዱን የቆፈርን እኛ፣ ድንጋዩን የተሸከምን እኛ። በሩ ከከተማ ሲመጣ መኪናው ወንዙን መሻገር አቃተው፤ ያን ጊዜ ማን ተሸከመው? ውሃው እስከ ጭናችን፣ ቆርቆሮው ትከሻችን ላይ። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ላሳይህ?

ይበልጣል፦ አያሳዩኝ።

አንጓች፦ ለሴት ልጆቻችን ብለን ነው የተሸከምነው። ለማህተምህ ብትለን ኖሮ ወንዙ ውስጥ ጥለነው እንገባ ነበር።

ይበልጣል፦ እዚህ የፈተና ወረቀት አለ። የተማሪ ሰነድ አለ። የድሮውን በር ምስጥ እንደበላው እርስዎም ያውቃሉ። ለጊዜው ብዬ ነው የወሰድኩት።

አንጓች፦ ጊዜው ሁለት ክረምት ሆነው። ለወረቀትህ በር፣ ለልጆቹ የማዳበሪያ ጆንያ። ነፋስ ሲነሳ ጆንያው ይነሳል። ነፋስ ባይኖር ደግሞ ወንዶቹ በእንጨት ያነሱታል።

ይበልጣል፦ ያነሱትን ቀጥቻለሁ።

አንጓች፦ አንዱን አንበረከክከው፤ በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ።

ይበልጣል፦ ድምፅዎን ይቀንሱ። ስምንተኛ ክፍል እዚህ ግድግዳ ኋላ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

አንጓች፦ በር የሌለው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። አንተ ገና አንድ ጠዋትህ ነው፤ እሱም ሱሪህን ታጥቀህ።

ይበልጣል፦ እትዬ አንጓች፣ ነውር ነው።

አንጓች፦ ነውሩን እኔ አላመጣሁትም።

ይበልጣል፦ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ያውቃሉ? ስድስት ሰዓት ላይ የወረዳ እንግዶች ይመጣሉ። ለሴት ተማሪዎች ምቹ ትምህርት ቤት ተብለን ባነር ልንቀበል ነው። ሰዎቹ መጥተው የሚቀመጡት እዚህ ነው። ይሄን ቀን ጠብቀው ነው የነቀሉት?

አንጓች፦ ታዲያስ። ሌላ ቀን ብነቅለው ትሰማኝ ነበር? ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ነህ። አንድ ቀን ወረዳ ወርደሃል። አንድ ቀን ደግሞ ከውስጥ እያሳልክ የለም አስባልከኝ፤ እዚያው በር ኋላ ሆነህ።

ይበልጣል፦ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አንጓች፦ አሁን በሩ የለም፤ አንተ ግን ተገኘህ።

ይበልጣል፦ እሺ፤ ምንድን ነው የሚፈልጉት?

አንጓች፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምፈልገውን ነዋ። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡት ልጆች ዝርዝር ዛሬ ከእንግዶቹ ጋር ወደ ወረዳ ይሄዳል። ሦስት ሴት ልጆች ሰርዘሃል። የኔዋ ትርንጎ፣ የሻረግና ጥጊቱ። ስማቸውን መልስ።

ይበልጣል፦ እኔ አልሰረዝኳቸውም፤ ደንቡ ነው የሰረዛቸው። በዓመት ከሃያ አምስት ቀን በላይ የቀረ ተማሪ ለፈተና አይመዘገብም። ትርንጎ ሃያ ስምንት ቀን ቀርታለች። ስም መጥሪያው ይኸው፤ ከፈለጉ ይዩት።

አንጓች፦ ወዲህ አዙረው። ይቺ ናት የሷ መስመር?

ይበልጣል፦ ይቺ ናት። ኤክስ ያለበት ሁሉ የቀረችበት ነው።

አንጓች፦ እስኪ ጣትህን አሳርፍ። መስከረም ላይ ስንት ነው?

ይበልጣል፦ አራት።

አንጓች፦ ተከታትለው ነው ተበታትነው?

ይበልጣል፦ ተከታትለው።

አንጓች፦ ጥቅምት?

ይበልጣል፦ አራት። እነሱም ተከታትለው። ኅዳርም አራት… ምን ለማለት ነው?

አንጓች፦ መቁጠር የምታስተምረው አንተ ነህ። ሰነፍ ልጅ በወር በወሩ ቀን ጠብቃ፣ አራት አራት ቀን ነው የምትሰንፈው?

ይበልጣል፦ ቤት ውስጥ ሥራ ታበዙባቸዋላችሁ ብዬ ነው እንጂ። በየስብሰባው ተናግሬያለሁ፤ ሴት ልጆቻችሁን ለውሃና ለእንጨት አታስቀሩ ብያለሁ።

አንጓች፦ ብለሃል፤ እኔም አጨብጭቤልሃለሁ። የወር አበባዋ ነው፣ ይበልጣል።

ይበልጣል፦ ይሄ… ይሄ ነገር በቢሮ አይወራም።

አንጓች፦ በር የሌለው ቢሮ ደጅ ነው። እዚህ ይወራል። ልጅቱ የምትቀይርበት ቦታ የላትም። ከቤታችን እዚህ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ደርሳ እንዳትመለስ ትምህርቱ ያልቃል። ዛፍ ተከልላ እንዳትቀይር ባህር ዛፉን ለጥርብ መነጠራችሁት። ጆንያው ኋላ ገብታ ስትቀይር መስከረም ላይ አንዱ አነሳባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኑ ሲደርስ አትመጣም። የየሻረግን እናት ጠየቅኳት፣ የጥጊቱን እናት ጠየቅኳት፤ የሁሉም ቤት ወሬ አንድ ነው።

ይበልጣል፦ ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?

አንጓች፦ ለማን ይናገሩ? ሰባት መምህር አለህ፣ ሰባቱም ወንድ።

ይበልጣል፦ የሃሳብ መስጫ ሳጥን አለ። ስማቸውን ሳይጽፉ መክተት ይችላሉ።

አንጓች፦ የት ነው ያለው ሳጥኑ?

ይበልጣል፦ እዚያ፤ መደርደሪያው አናት ላይ።

አንጓች፦ እዚህ ቢሮ ውስጥ። እንግዲህ ልጅቱ ወረቀቷን ይዛ ትገባለች፣ አንተን ታልፋለች፣ ወንበር ትጠጋለች፣ ወንበሩ ላይ ትቆማለች። አንተም ማን እንደሆነች አታውቅም። ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?

ይበልጣል፦ ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው።

አንጓች፦ ካቻቢቴው አለ፤ ልፈታልህ?

ይበልጣል፦ አይቀልዱ። ደንብ ደንብ ነው። ከወንዶቹም ሁለት ተሰርዘዋል፤ ለወንድ ብዬ አላዳላሁም።

አንጓች፦ ሁለቱ ወንዶች ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ እንደወረዱ ቀሩ። አንዱ እዚያው ሚስት አግብቷል። የሌለ ሰው ሰርዘህ ከኔ ልጅ ጋር ታስተካክላለህ?

ይበልጣል፦ ለኔም እዘኑልኝ እንጂ። አምና ካስፈተንኳቸው ግማሾቹ ወደቁ። ወረዳ ጠርቶ በሰው ፊት አዋረደኝ። ዘንድሮ በትምህርት ገበታው ላይ የጸና ተማሪ ብቻ ይቅረብ አልኩ፤ ለትምህርት ቤቱ ስም ብዬ ነው።

አንጓች፦ ትርንጎ ከክፍሉ ስንተኛ ናት?

ይበልጣል፦ እሱ ሌላ ነገር ነው።

አንጓች፦ ስንተኛ ናት?

ይበልጣል፦ ሁለተኛ።

አንጓች፦ በወር አራት ቀን እየቀረች ሁለተኛ። የሚያስወድቅህ ማን እንደሆነ እንግዲህ አስብ። አባቷ ሞቶ አጎቷ ነው አሳዳሪዋ፤ ታውቃለህ። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ ቢመጣ ፈተናዋ ይለፍ ብሎ መልሶልኛል። ፈተናው ከሌለ ሦስተኛውን ምን ብሎ ይመልሰው? ለፋሲካ ማግስት ተቀጥሯል።

ይበልጣል፦ ይሄን አላወቅኩም።

አንጓች፦ አሁን አወቅክ።

ይበልጣል፦ ማወቄ ብቻውን ምን ያደርጋል? ደንቡን እኮ እኔ ብቻዬን አላወጣሁትም። የወላጆች ኮሚቴ ነው ያጸደቀው። ቃለ ጉባኤው ይኸው። እዚህ ታች፣ ሰባተኛ ላይ የማን ስም ነው ያለው? አንጓች ውበቱ። አጠገቡ ያለው አሻራስ የማን ነው?

አንጓች፦ አምጣው እስኪ።

ይበልጣል፦ የእርስዎ ጣት ነው፤ እኔ ይዤ አልጫንኩትም።

አንጓች፦ የኔ ነው። መሃሉ ላይ ያለችው መስመር ማጭድ የቆረጠኝ ናት።

ይበልጣል፦ እንግዲህ።

አንጓች፦ የዚያን ቀን ስለ አጥር ነበር ያወራኸው። ከብት ገብቶ ችግኙን ጨረሰው፣ አጥር እንጠር አልክ። እሺ አልን። ከዚያ ወረቀት አወጣህ፣ እዚህ እዚህ ጋ ንኩ አልክ፤ ነካን።

ይበልጣል፦ ቁጥር አንድ አጥር ነው። ቁጥር ሁለት ስለሚቀሩ ተማሪዎች ነው። አጀንዳው ላይ ሁለቱም አሉ።

አንጓች፦ ቁጥር ሁለት የቷ ናት?

ይበልጣል፦ ይቺ።

አንጓች፦ አንድ መስመር?

ይበልጣል፦ አንድ መስመር ናት።

አንጓች፦ አንብበህልናል?

ይበልጣል፦ ዝናብ መጥቶብን ነበር። ሰው ተነስቶ ነበር። ባጭሩ…

አንጓች፦ አላነበብክም።

ይበልጣል፦ በዝርዝር አላነበብኩ ይሆናል።

አንጓች፦ ዝናብ መጣ ብለህ የገዛ ልጄን በገዛ ጣቴ አሰረዝከኝ።

ይበልጣል፦ ማንበብ አለመቻልሽ ታዲያ የኔ ጥፋት ነው? አንቺ ሳትጠይቂ አሻራ አድርገሽ…

አንጓች፦ አንቺ?

ይበልጣል፦ ይቅርታ። ተናድጄ ነው። አፌ ላይ መጣብኝ።

አንጓች፦ መጀመሪያ የመጣህ ዓመት መኖሪያ እስኪሰጡህ ድረስ እኔ ቤት ነው ያደርከው። ወባ ሲጥልህ የላብህን አንሶላ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያኔ እትዬ ነበርኩ።

ይበልጣል፦ አልረሳሁትም።

አንጓች፦ ማታ ማታ እንኳ አረፍ አትልም ነበር። አመድ ደጃፉ ላይ በትነህ በጣትህ እየጻፍክ ሀ ሁ ያስቆጠርካት ማንን ነበር? ስድስት ዓመቷ ነበር። ይቺን ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳታስቀሪያት ብለህ በሟቹ ባሌ ስም ያስማልከኝ አንተ ነህ። ማልኩልህ። ስትታመም አዝዬ አምጥቻታለሁ፤ ወንዙ ሲሞላ በእንቅብ ጭምር አሻግሬያታለሁ። እኔ መሐላዬን ስጠብቅ አንተ በር ትነቅላለህ።

ይበልጣል፦ እሽ፣ እሽ… ይቺ ዶሮ ደግሞ ከየት ገባች?

አንጓች፦ በበሩ።

ይበልጣል፦ ወረቀቱን ረገጠችው። እትዬ አንጓች፣ ያውጡልኝ እባክዎ።

አንጓች፦ ዶሮዋ የጥበቃው ናት፤ እኔን አትሰማም። የት ላይ ነው የወጣችው?

ይበልጣል፦ ሪፖርቱ ላይ። ለእንግዶቹ የማነበው ነው። እሽ፣ ወግጂ።

አንጓች፦ በሪፖርቱ ላይ ስለ ሽንት ቤቱ ምን ብለህ ጻፍክ?

ይበልጣል፦ ምን ብዬ እጽፋለሁ… ተሠርቷል፣ ወንድና ሴት ተለይቷል…

አንጓች፦ ስለ በሩስ?

ይበልጣል፦ በር ተገጥሞለታል ብያለሁ።

አንጓች፦ መቼ ነው የጻፍከው?

ይበልጣል፦ ባለፈው ሳምንት።

አንጓች፦ ይኸው ዛሬ እውነት አደረግንልህ። አመስግነን።

ይበልጣል፦ ሰዎቹ ሲመጡ ቢሮዬን አይተው ምን ይሉኛል? በር የሌለው ርዕሰ መምህር ሆኜ ልቀበላቸው?

አንጓች፦ ጆንያውን አጥፌ አስቀምጬልሃለሁ፤ ይኸው። ስቀለው። ለልጆቹ የበቃ ላንተ አያንስም።

ይበልጣል፦ እያፌዙብኝ ነው።

አንጓች፦ እያፌዝኩ አይደለም። እዚህ ደፍ ላይ የተቀመጥኩት ስሞቹ ሳይመለሱ ላልነሳ ነው። እንግዶቹም ሲመጡ እኔን ተራምደው ይግቡ። ማን ናት ይቺ ሲሉ ያን ጊዜ እኔም እናገራለሁ። አንተ ሪፖርትህን ታነባለህ፣ እኔ ጆንያውን አሳያለሁ።

ይበልጣል፦ ያስፈራሩኛል?

አንጓች፦ በደንብ።

ይበልጣል፦ እሺ። እሺ፣ እንስማማ። እንደ ሰው በወረቀት እንነጋገር። እኔም ጣጣ እንዳይመጣብኝ፣ እርስዎም እንዳይጠየቁ፣ አንድ የስምምነት ጽሑፍ ላዘጋጅ። እርስዎ አሻራዎን ያደርጋሉ፣ እኔ እፈርማለሁ። ይስማማዎታል?

አንጓች፦ ጻፍ።

ይበልጣል፦ አንድ ደቂቃ… ቀኑን ላስገባ… ጨረስኩ። ላንብብልዎት። «ሦስቱ ሴት ተማሪዎች ስማቸው ወደ ፈተናው ዝርዝር እንዲመለስ፣ በሩም ዛሬውኑ ወደ ቢሮው እንዲመለስ በጋራ ተስማምተናል።» ይኸው ነው። የቀለሙ ፓድ እዚህ አለ፤ ጣትዎን ይንከሩና እዚህ ጋ።

አንጓች፦ አምጣው ልየው።

ይበልጣል፦ ምኑን ያዩታል? አነበብኩልዎት እኮ።

አንጓች፦ ዝም ብዬ ልየው። ዛሬ ዝናብ የለም።

ይበልጣል፦ እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ ቶሎ ይበሉ።

አንጓች፦ «እኔ… ወይዘሮ… አንጓች… ውበቱ…»

ይበልጣል፦ እትዬ አንጓች?

አንጓች፦ ጽሑፍህ ይሮጣል፤ ቀስ ልበልበት። «የትምህርት… ቤቱን… ንብረት… ያለ… ፈ… ቃ… ድ… ነቅዬ… መውሰዴን… አም… ኜ…»

ይበልጣል፦ እሱ የተለመደ አጻጻፍ ነው። መግቢያው እንዲያ ነው የሚሆነው።

አንጓች፦ ዝም በል፤ ቦታዬን አጠፋኸው። «ዛሬውኑ… ለመመለስ… ተስማምቻለሁ። የተማሪዎቹ… ጉዳይ… ወደፊት… በኮሚቴ… እን… ዲታይ።» ወደፊት የምትለዋ ቃል የት ነበረች ስታነብልኝ?

ይበልጣል፦ እኔ…

አንጓች፦ በኮሚቴ የምትለዋስ? ፈተናው የዛሬ ወር ነው፤ ወደፊት ማለት መቼ ነው? ከልጄ ሠርግ በኋላ?

ይበልጣል፦ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመሩት?

አንጓች፦ መጀመሪያ እሱን መልስልኝ።

ይበልጣል፦ ፈርቼ ነው። በሩ እንዴት ተነቀለ ብለው ቢጠይቁኝ የምይዘው ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ነው። ስሞቹንም በኋላ… እውነቴን ነው፣ በኋላ አይ ነበር።

አንጓች፦ ሁለተኛ ጊዜ ነው። በአንድ ጣት ሁለት ጊዜ።

ይበልጣል፦ የጎልማሶች ትምህርት ላይ አንድ ቀን እንኳ አልመጡም፤ እኔ ነኝ የማስተምረው፣ አውቃለሁ። ታዲያ ከየት…

አንጓች፦ አልመጣሁም። ሪፖርትህ ላይ ግን ተመርቄያለሁ፤ በመስከረሙ ስብሰባ ስሜን ከተመራቂዎች ጋር ጠርተህ አስጨበጨብክልኝ። አፈርኩ። ያን ቀን ማታ ትርንጎን አስተምሪኝ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነሽ፣ ማታ ደግሞ ታጠኛለሽ፣ መቼ ይመችሻል ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?

ይበልጣል፦ ምን አለች?

አንጓች፦ «በማልሄድባቸው ቀኖች» አለችኝ። በወር አራት ቀን። ጎታው ላይ በከሰል እየጻፈች፣ እኔ እየተከተልኩ። ጎታው ሲሞላ በውሃ እናጥበዋለን፣ ደግሞ እንጽፋለን። ስም መጥሪያህን አውጣና እንደገና እየው። ያንተ ኤክስ ሁሉ የኔ ትምህርት ነው። አንተ ቀረች ብለህ ስትጽፍ ልጄ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ አስተማሪ ሆና።

ይበልጣል፦ ልየው… አራት፣ አራት፣ አራት።

አንጓች፦ ከአመዱ ላይ አንተ ለሷ ሰጠሃት፣ እሷ ለኔ ሰጠችኝ። ዞሮ አንተኑ ያዘህ።

ይበልጣል፦ ምን እንድል ይፈልጋሉ?

አንጓች፦ ምንም። ዝርዝሩን አምጣው።

ይበልጣል፦ ይኸው። እኔ ልጻፋቸው፤ ይንገሩኝ።

አንጓች፦ ብዕሩን ወዲህ በል። እኔ ነኝ የምጽፋቸው።

ይበልጣል፦ የእጅ ጽሑፉ ይለያያል፤ ወረዳ ላይ ያስጠይቃል።

አንጓች፦ ይለያይ። ማን ጻፈው ካሉህ የሰረዘችው ናት መልሳ የጻፈችው በላቸው። ከማን በታች ነው?

ይበልጣል፦ ከአሥራ ስምንተኛው በታች። መስመሩን ይከተሉ… ይጣመምብዎታል።

አንጓች፦ ይጣመም፤ ከተነበበ ይበቃል። ት… ር… ን… ጎ። የአባቷንም ስም ልጨምር። ጥጊቱ… የሻረግ። የሻረግ ላይ እጄ ደከመ፤ ይሄ ፊደል ምን ይመስላል?

ይበልጣል፦ ሸ ነው የሚመስለው፤ ሻ እንዲሆን ቀኝ እግሩን ያስረዝሙት… እንደዚያ።

አንጓች፦ አሁን ፈርም። ማህተምም።

ይበልጣል፦ ፈረምኩ።

አንጓች፦ ማህተሙን እያየሁ።

ይበልጣል፦ ይኸው። አለቀ። ይሄ የመኪና ድምፅ አይደለም? ገና አምስት ሰዓት እንኳ አልሆነም፤ ቀድመው መጡ። እትዬ አንጓች፣ እኔ የኔን አድርጌያለሁ። አሁን በሩን።

አንጓች፦ ስም መጥሪያውን ገና አልጨረስክም።

ይበልጣል፦ ደግሞ ምን ቀረው?

አንጓች፦ የዛሬው ቀን ባዶ ነው። ትርንጎ ዛሬ ከኔ ጋር መጥታለች። ቀኗም ዛሬ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቀር ነበር። መጥታለች ብለህ ጻፍ።

ይበልጣል፦ ጻፍኩ፤ ይኸው፣ ጻፍኩ። መኪናው ወንዙ ጋ ደርሷል። በሩን ልውሰድ ወይስ አልውሰድ?

አንጓች፦ ሂድ ውሰደው፤ አልይዝህም፤ ካቻቢቴውም ይኸውልህ። ግን ከመንካትህ በፊት አንኳኳ፤ ልጅህ ትርንጎ ከውስጥ ቀርቅራበታለች፣ ሌሎቹም ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ።